እባብ እግር ነበረው? አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ለጠየቀችው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሑድ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከሕፃናት ጋር ነኝ። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ስለ ዝግመተ ለውጥ ስናነሣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እባብ ድሮ እግር ነበረው፤ ሳይንስም አረጋግጦታል። ስለዚህ ዘፍጥረት ልክ ነው» አለ። ሌላው ወዲያው ተነሥቶ «እግሩ የጠፋው በሚሊዮን ዓመታት ነው እንጂ በእርግማን አይደለም። ስለዚህ ዘፍጥረት ልክ አይደለም» አለው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔን ደወሉ አዳነኝ። እስካሁን ግን መልስ የለኝም። እባብ በእውነት እግር ነበረው? ከነበረውስ ያጣው በእርግማኑ ነው? ክፍል ውስጥ አንድ ነገር፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነገር ማስተማሬ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ደግሞ እናቴ «እባብ አይቶ ሳይገድሉ ማለፍ ኃጢአት ነው» ትላለች። እሱንም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ አንቺስ ደወል ደረሰልሽ። ለእኔ የደረሰልኝ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት ላይ አንድ ዜና ወጣ። ከብራዚል የመጣ፣ አራት እግር ያለው የእባብ ቅሪተ አካል ተገኘ ተባለ። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አራት ጥቃቅን እግሮች አሉት፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። «ቴትራፖዶፊስ» ብለው ሰየሙት፤ በግሪክኛ ባለ አራት እግር እባብ ማለት ነው። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? በሚቀጥለው ጉባኤ ዜናውን ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። «ዛሬ ሳይንስ ለዘፍጥረት መሰከረ!» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ።

ስድስት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ድንጋይ እንደገና መርምረው «ይሄ እባብ አይደለም» አሉ። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ የራስ ቅሉ ቅርጽ በሌላኛው ገጽ ላይ ቀርቶ ኖሯል። እሱን አስተውለው ሲያዩት የእባብ አልሆነም። ሰውነቱ የረዘመ፣ ውኃ ውስጥ ይኖር የነበረ የእንሽላሊት ወገን ነው አሉ። ከጉባኤው ልጆች አንዱ ዜናውን በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «መምህር፣ እልልታውን እንመልስ?»

ላብ አጠመቀኝ። ልጁ ቀልዱን ነው። ግን እውነቱን ነው። ያን ቀን የእግዚአብሔርን ቃል በአንድ ስንጥቅ ድንጋይ ላይ አስደግፌው ነበር። ድንጋዩ ሲንሸራተት ቃሉም አብሮ የተንሸራተተ መሰለባቸው። ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም፤ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ በደንብ ሳላነብ አፌን አልከፍትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ የእባብ የጥንት አያቶች እግር ነበራቸው። ቴትራፖዶፊስ ቢወድቅም ይሄ አልወደቀም፤ ማስረጃው አንድ ብቻ አይደለምና። ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ራማላ አጠገብ፣ ዓይን ያብሩድ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የድንጋይ ካባ ውስጥ ትንንሽ የኋላ እግር ያላቸው እባቦች ተገኝተዋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 ስም ሲወጣለት «ሃሲዮፊስ ቴራሳንክተስ» ተባለ። ቴራ ሳንክታ በላቲን ቅድስት ምድር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከሊባኖስ የተገኘ ሌላ ባለ እግር እባብ ይፋ ሆነ። የዚህኛው አንዱ እግር ድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ከ10 ዓመት በኋላ በኃይለኛ ኤክስሬይ አይተውታል፤ እግሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከአርጀንቲና ዳሌና ጠንካራ የኋላ እግር ያለው እባብ ተገለጸ። ስሙን ምን አሉት መሰለሽ? «ናጃሽ»። ዘፍጥረት 3 በዕብራይስጥ እባብን የሚጠራበት ቃል «ናሐሽ» ነው፤ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሳይንቲስቶቹም ታሪኩን ያውቁታል ማለት ነው። የእነዚህ ሁሉ ዕድሜ ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የእኛ አገር ቆላ ውስጥ ያለውን ዘንዶ ውሰጂ። ከጭራው አጠገብ፣ ከሆዱ በታች፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጥፍር የሚመስሉ ነገሮች አሉት። ከውስጥ ትንንሽ የዳሌና የጭን አጥንት ይገኛል። አይራመድበትም። ወንዱ ግን ሴቷን ሲፈልግ ይዳስስበታል። የዘንዶ ጽንስ ዕንቁላሉ ውስጥ እያለ እግር ማብቀል ይጀምራል፤ ከዚያ ያቆማል። ለምን እንደሚያቆምም እ.ኤ.አ. በ2016 አይተውታል። እግር እንዲያድግ የሚያዝዝ ዘረ መል አለ። ስሙ «ሶኒክ ሄጅሆግ» ነው፤ ከቪዲዮ ጌም የተወሰደ ስም ነው፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ይህን ዘረ መል እግር ላይ የሚያበራ አንድ ማብሪያ አለ። እባቦች ላይ ይህ ማብሪያ ተበላሽቷል። ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥን ማብሪያ አውጥተው በእባብ ማብሪያ ተኩት። አይጦቹ እግራቸው ጉቶ ሆኖ ተወለዱ። ከእባቡ ማብሪያ የጎደለችውን ትንሽ ቁራጭ መልሰው ሲያስገቡ ደግሞ እግሩ በደንብ በቀለ። ባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንሽ ይሄን ከእኔ የበለጠ ታስረጂያቸዋለሽ።

እግሩን ለምን ተወው በሚለው ላይ እነሱም ገና ይከራከራሉ። አንዳንዱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲሄድ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ ነው ይላል። እሱን ለእነሱ እንተውላቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እግር ያጣው እባብ ብቻ አይደለም። በእንሽላሊት ወገን ውስጥ እግር ከ20 ጊዜ በላይ ለየብቻው ጠፍቷል። እባብ የሚመስሉ፣ ግን የዐይን ቆብና የጆሮ ቀዳዳ ያላቸው እግር አልባ እንሽላሊቶች በብዙ አገር አሉ። እነሱንስ ማን ረገማቸው? የመጀመሪያው ተማሪሽ ይህን መመለስ አለበት። «እግር ማጣት = እርግማን» ካለ፣ ምንም ያላደረጉትን እንስሳት ሁሉ እርግማን ሊያሸክማቸው ነው።

ሁለተኛው ተማሪሽም አላመለጠም። ለእሱ የምለው መጽሐፉን ክፈት ነው። ዘፍጥረት 3፥14 እንዲህ ይላል፦ «በሆድህም ትሄዳለህ፥ አፈርንም ትበላለህ በሕይወትህ ዘመን ሁሉ።» እግር የሚል ቃል ታያለሽ? የለም። «እግርህን ቆረጥሁ» አላለም። እግሩን እኛ ነን የጨመርንበት። እኛም ብቻችንን አይደለንም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እግዚአብሔር እባቡን ንግግሩን ወሰደበት፣ ከምላሱ በታች መርዝ አኖረበት፣ እግሩንም ነሣው ብሎ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጡ የአይሁድ መምህራን መላእክት ወርደው እጅና እግሩን ቆረጡት፣ ጩኸቱም ከዓለም ዳር እስከ ዳር ተሰማ እያሉ አስተምረዋል። ይህ የአበው ማብራሪያ ነው። ደስ ይላል፣ ለስብከትም ይመቻል። መጽሐፉ ራሱ ግን አይደለም። የእኛው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የእንስሳት ሁሉ አፍ ከመናገር ተዘጋ ይላል፤ እባቡም ተረገመ ይላል። እግር አላነሣም።

አሁን ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሪውን ሥነ ፍጥረት አስታውሺ። ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ስንቆጥር ሐሙስና ዓርብ ላይ ምን እንላለን? በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ። ሐሙስ ከባሕር ሦስት፣ ዓርብ ከየብስ ሦስት። ልጆቹ በቃላቸው ይሉታል። «በልብ የሚሳቡ» ማለት በደረታቸው የሚሄዱ ማለት ነው። መቼ ተፈጠሩ? ከእርግማኑ በፊት። አዳም ገና ዕፀ በለስን ሳይበላ። እግዚአብሔርም «መልካም እንደ ሆነ አየ»። እንግዲህ በደረት መሳብ በራሱ እርግማን ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ሐሙስ ዕለት የተረገመ ፍጥረት ፈጠረ ልንል ነው። ይህን የሚል መምህር አላየሁም። የኔታ ይህን ሲያስቆጥሩን እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ብዙ ዓመት ስቆጥረው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከዚያ የቴሌግራም መልእክት በኋላ ነው።

ታዲያ መሳቡ ቀድሞም ከነበረ «በሆድህ ትሄዳለህ» ምን ማለት ነው? ቀስተ ደመናን አስቢ። ዘፍጥረት 9 ላይ እግዚአብሔር ቀስቱን የቃል ኪዳን ምልክት አደረገው። ፀሐይና ዝናብ ከኖኅ በፊትም ነበሩ። ያለ ነገር ምልክት ሲሆን ትርጉም ይቀበላል። የእባቡም መሳብ እንዲሁ ከዚያ ቀን ወዲህ የውርደት ምልክት ሆነ። እኔ የምቀበለው ይህን ነው። ከወንድሞቼ መምህራን እባቡ በእርግጥ ቆሞ ይሄድ ነበር የሚሉ አሉ፤ እነሱም ከአበው ይዘው ነው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ጸሎተ ሃይማኖት ሰማይና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ በአንድ አምላክ እናምናለን ይላል። ስለ እባብ ጭን አጥንት አንቀጽ የለውም።

«አፈር ትበላለህ» የሚለውን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ «አፈር ብላ!» ሲባል ማንም ሰሐንና ማንኪያ አያመጣም። መዝሙረ ዳዊትም «ጠላቶቹም አፈር ይልሳሉ» ሲል መሸነፋቸውን ነው። እባብ አፈር አይበላም፤ አይጥ፣ እንቁራሪት፣ ወፍ ነው የሚበላው። ምላሱን ወጣ ገባ የሚያደርገው ሽታ ለመቅመስ ነው፤ ከአየሩና ከመሬቱ የለቀመውን ላንቃው ላይ ላለ ልዩ የማሽተቻ አካል ያቀብላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን አፈር የሚልስ ይመስላል። ቃሉ የተነገረው ደግሞ ለሚያይ ሰው ነው።

የቀጣዩን ቁጥር እስኪ እናንብብ፤ ሁሉም እግር እግር ሲል የሚዘለው እሱ ነው። «በአንተና በሴቲቱ መካከል፥ በዘርህና በዘርዋም መካከል ጠላትነትን አደርጋለሁ፤ እርሱ ራስህን ይቀጠቅጣል፥ አንተም ሰኰናውን ትቀጠቅጣለህ።» ይህን ስንሰማ ማን ነው የሚታሰበን? ክርስቶስ ነው፤ ከድንግል ማርያም የተወለደው፣ በመስቀሉ የዲያብሎስን ራስ የቀጠቀጠው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚረግጠው እባብ አይደለም። ራእይ 12 ስሙን ጠርቶታል፤ «ዲያብሎስና ሰይጣን የሚባለው ታላቁ ዘንዶ እርሱም የቀደመው እባብ» ይለዋል። እንግዲህ ቁጥር 15 ስለ ዲያብሎስ ከሆነ፣ አንድ ቁጥር ቀድሞ ያለው እንዴት የእንስሳ አካል ምርመራ ይሆናል? በሁለቱም ቁጥር የሚናገረው እግዚአብሔር ነው፤ የሚነገረውም ያው እባብ ነው። ከሰማይ ከፍታ የወደቀው፣ አምላክ እሆናለሁ ያለው፣ ሆዱ ከአፈር ጋር ተጣበቀ።

«እንስሳው ምን አጠፋ? ለምን አብሮ ተረገመ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ተማሪ ካለ፣ ዮሐንስ አፈወርቅ መልሶታል። ልጁን የገደሉበት አባት ገዳዩን ሲቀጣ ልጁ የታረደበትን ሰይፍም ይሰባብረዋል፤ ልጁን ከመውደዱ የተነሣ ነው ይላል። ሰይፉ ጥፋት የለበትም። ግን አባት ሊያየው አይችልም። እኛም አገር «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ይባላል፤ እባቡ የተገደለበት በትር አብሮ ገደል ይገባል። እዚህ ላይ እባቡ ራሱ በትሩ ነው። ገዳዩ ሌላ ነው።

እባብ በፍጥረቱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ ጌታ «እንደ እባብ ልባሞች» ሁኑ ባላለን። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ የራሱ መስቀል ምሳሌ ባላደረገው። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ሲወጡ በምን እንደወጡ ሥዕሉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይተሻል፤ ዘንዶው ነው ያወጣቸው። ጥቅምት 14 ስናከብር ያንን ዘንዶ አንረግመውም። ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚወጡት በዚያው ገደል ላይ በተንጠለጠለ ገመድ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ዘንዶው ይሻል ነበር አልኩ።

የዘመኑን ነገር ሳልነካ ብወጣ ትታዘቢኛለሽ። በእኛ አቆጣጠር ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት አልፏል፤ ባሕረ ሐሳብ ስናወጣ 5,500ው ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንደምራለን። 95 ሚሊዮን ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ብዙ ሰው ቁጥር ሲጠመዝዝ አይቻለሁ፤ «አንድ ቀን ይህን ያህል ሚሊዮን ዓመት ነው» እያለ። እኔ አልጠመዝዝም። ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን ይነግረኛል፤ በዚያ ጾሜንና በዓሌን አወጣለሁ። የድንጋይን ዕድሜ የሚለካው ተመራማሪ ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች የሚለወጡበትን ፍጥነት ቆጥሮ ነው። ፈተና ላይ «ናጃሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ ተማሪሽ የለኩትን ይጻፍ። ይህን መጻፍ ክህደት አይደለም።

አንቺም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ ተመራማሪዎች ያገኙትን፣ ባገኙት ልክ፣ ሳታጋንኚና ሳትሸሽጊ አስተምሪ። የመንግሥት ደመወዝ የምትበዪበት ሥራ ነው፤ ሐሰት ብትቀላቅዪበት ነው ኃጢአቱ። እሑድ ደግሞ ሕፃናቱን እግዚአብሔር እንደፈጠረ፣ ሰው በእርሱ መልክ እንደተፈጠረ፣ ዲያብሎስ እንዳሳተን፣ ክርስቶስ እንዳዳነን አስተምሪ። ቅሪተ አካል ቆፋሪ ይህን ቆፍሮ አያገኘውም፤ ቆፍሮም አያጠፋውም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እንደ እኔ ዜና ይዘሽ መድረክ ላይ አትውጪ። «ሳይንስ አረጋገጠልን» ያልሽ ቀን፣ ሳይንስ ሐሳቡን ሲቀይር ልጆቹ አንቺን ያዩሻል።

የእናትሽን ነገር ልጨርስ። እባብ አይቶ መተው ኃጢአት የሚል ትእዛዝ የለም። እናትሽ ቁጥር 15ን እንደ ግል ግዴታ ሰምተውት ይሆናል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። እባቡ ልጆች የሚተኙበት ቤት ገብቶ ከሆነና ሌላ መላ ከሌለ መግደል አያስነውርም፤ ሕይወት መጠበቅ ነው። ሜዳ ላይ መንገዱን ይዞ የሚሄደውን አሳዶ መፍጀት ግን ምን ይጠቅማል? በዓለም ላይ ካሉት ወደ 4,000 ከሚጠጉ የእባብ ዓይነቶች መርዝ ያላቸው 600 ገደማ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ጎተራሽን የሚፈጀውን አይጥ ይበሉልሻል። መርዘኛውን ካልለየሽ ራቅ ብለሽ ማለፍ ነው።

ከነደፈ ግን አደራ። ቁስሉን አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሠሩ። የተነደፈው ሰው ብዙ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ፣ ቀለበትና አምባር ካለው አውልቃችሁ፣ ማርከሻው ወዳለበት ሐኪም ቤት በፍጥነት ውሰዱት። ጸበሉን መኪና ውስጥ ይጠጣ፤ ጸሎቱም በመንገድ ላይ ይደረጋል።